የአዲስ አበባን ዘመናዊ ሕንፃዎች ለመመልከት ለቤተ ሰብ የሚሆን የሁለት ቀን ጉዞ

ከሌላ ስፍራ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለጉዳይ ነው። ጉዳዩም ደጅ መጥናት፥ ሐኪም ማየት፥ ወይም ዘመድ መጠየቅ ይሆናል፤ ይህም ሲፈጸም ወዲያው ይመለሳል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የቆሙትን ታላላቅ ሕንፃዎች ዐይኑ ያያቸዋል እንጂ ልቡ አያስተውላቸውም። ስለዚህ ልጆች ያሏቸው አባቶችና እናቶች ለዚሁ ነገር ብቻ የታሰበ የሁለት ቀን ጉዞ ቢያደርጉ ጥቅሙ ምን እንደ ሆነ፥ ጉዞውም እንዴት ሊሰናዳ እንደሚገባ በዚህ ገጽ በአጭሩ እንገልጻለን።

ሕንፃ መመልከት የሥራ ፈት መዝናኛ ነው የሚል ቢኖር፥ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሥዕል ያልወደደ ሰው ሥዕሉን ከግድግዳው ሊያወርደው ይችላል፤ ሕንፃ ግን አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ የወደደውም የጠላውም ሁለትና ሦስት ትውልድ ሲያየው ይኖራል። ደግሞም ሕንፃ የሚቆመውም የሚፈርሰውም በሹም ፊርማ ነው። ዛሬ የአባቱን እጅ ይዞ የሚሄደው ልጅ ነገ የማዘጋጃ ቤት ሹም ወይም የትምህርት ቤት አሠሪ ሆኖ ወረቀቱ ይቀርብለታል፤ ያን ጊዜ የሚፈርደው በልጅነቱ ማስተዋል በተማረው ዐይኑ ነው።

የመጀመሪያው ምክር ጥቂት መምረጥ ነው። ሁሉን ልይ የሚል ሁሉን ያልፈዋልና፥ ለሁለት ቀን ስድስት ሕንፃና ሁለት ሐውልት ይበቃል። ወራቱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጥቅምት ወይም ኅዳር ቢሆን ሰማዩ የጠራ፥ መንገዱም ደረቅ ስለሚሆን ይመረጣል። ከጉዞው አስቀድሞ የማኅበር ግቢዎችን ፈቃድ መጠየቅና መታወቂያ ወረቀት መያዝ ይገባል። ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚሻም በየበሩ ያለውን ዘበኛ አስቀድሞ ቢጠይቅ ከክርክር ይድናል።

ለልጁም በየሕንፃው ፊት ሦስት ጥያቄ ብቻ ይቅረብለት። ይህ ቤት ለምን ሥራ ተሠራ? በምን ተሠራ? ማን ይገባበታል? ከዚህ በላይ ቢበዛ ጉዞው እንደ ፈተና ይሆንበታል።

በመጀመሪያው ቀን ጧት ከማዘጋጃ ቤት መነሣት መልካም ነው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለና ወደ ደቡብ የሚያዘቀዝቅ ስለ ሆነ፥ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ቤተ ሰብ ሳይደክም ይውላል። ማዘጋጃ ቤቱን በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት የነደፈው ኢጣልያዊው መሐንዲስ አርቱሮ ሜዘዲሚ ነው። ሕንፃው በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ስለ ተቀመጠ ከታች ለሚመጣ ሰው ከሩቅ ይታያል። ልጁ ጀርባውን ለሕንፃው ሰጥቶ ቁልቁል ጎዳናውን ቢመለከት፥ አንድ ቤት በራሱ ብቻ ሳይሆን በተተከለበት ስፍራ ጭምር እንደሚከበር ያስተውላል።

ከዚያ ጎዳናውን ተከትሎ መውረድ ነው። በታችኛው ወገን ብሔራዊ ቴአትር ይገኛል። ይህ ቤት በጠላት ወረራ ዘመን ሲኒማ ሊሆን ተጀምሮ ሳይፈጸም የቀረ ነበር። ኋላ ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ሾሜት ፈጽሞት፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ 25ኛ ዓመት በተከበረበት በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ። ባዕድ የጀመረውን ቤት ባለቤቱ ለራሱ ጥበብ እንዴት እንዳዋለው ለልጅ መንገር ከብዙ ትምህርት ይበልጣል።

በቴአትሩ ፊት ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጺ የሠራው ታላቅ የድንጋይ አንበሳ ቆሟል። ከዚያ ወደ ለገሃር ቢወርዱ ደግሞ በቀድሞው ባቡር ጣቢያ ፊት በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል የተተከለውን፥ ጠላት ወደ ሮማ ወስዶት ኋላ የተመለሰውን አንበሳ ያገኛሉ። የለገሃሩ አንበሳ ጎፈሩና ጡንቻው ሳይቀር በሕይወት ያለ መስሎ ተሠርቷል። የካልካ አንበሳ ግን በቀጥታ መስመርና በጠፍጣፋ ገጽ ተጠርቦ፥ የአንበሳውን ጠጉር ትቶ ግርማውን ብቻ ይዟል። ዘመናዊ የሚባለው ጥበብ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከእነዚህ ከሁለቱ አንበሶች የተሻለ መምህር አይገኝም፤ ጌጡን ቀንሶ ቅርጹን ያጎላልና።

በቴአትሩ አጠገብ ያው ሾሜት የነደፈው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ አለ። ከጎኑም በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የባንኩ አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት ይታያል። የሁለቱም ባለቤት አንድ፥ ሥራቸውም አንድ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ራሱን ለሕዝብ የሚገልጽበት መልክ እንዴት እንደ ተለወጠ ቤተ ሰቡ እዚያው ቆሞ ይነጋገርበት።

ሁለተኛው ቀን ለሁለት ሕንፃዎች ይሁን። የመጀመሪያው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ያለው የአፍሪካ አዳራሽ ነው። የነደፈው ትናንት በማዘጋጃ ቤት ስሙን ያነሣነው ሜዘዲሚ ሲሆን፥ በ18 ወር ገደማ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመርቋል። የእጅግ የተከበሩ አፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ስፋት ይዞ፥ የአፍሪካን ያለፈ፥ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል። መስተዋቱ የሚበራው ከውጭ በሚገባ ብርሃን ስለ ሆነ ጉብኝቱ ፀሐይ ሳለ ይሁን። በዚሁ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ሕንፃው ከረጅም እድሳት በኋላ በ2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፍቷል።

ሁለተኛው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ነው። ቀድሞ ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ወህኒ ቤት በነበረበት ስፍራ በቻይና መንግሥት ስጦታ ተሠርቶ በ2004 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 99.9 ሜትር የተደረገው፥ ኅብረቱን ለማቋቋም በሲርት ከተማ የተወሰነበት ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር የ1999 ዓመት 9ኛው ወር 9ኛው ቀን ስለ ነበረ ነው። እስረኞች በተሠቃዩበት መሬት ላይ መሪዎች የሚመክሩበት ቤት መቆሙን፥ የወህኒው ግንብ ግን ለማየት እንኳ አለመቅረቱን አባት ለልጁ ሳይሸሽግ ይንገር። የትኛው ሊቀር፥ የትኛው ሊፈርስ ይገባ እንደ ነበር ልጁም አሳቡን ይስጥ።

ይህ ጥያቄ የጥንት ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ የቆዩ ቤቶች ለከተማው ልማት ሲባል ፈርሰዋል፤ ሰፊ መንገድም ተከፍቷል። የአፍሪካ አዳራሽ ግን ሳይፈርስ ታድሶ ለአዲስ ሥራ በቅቷል። ሁለቱም መንገድ በሰው እጅ ያለ ነው፤ የቱ ለየትኛው ቤት እንደሚገባ የሚለይ ግን አስቀድሞ ቤቱን ያወቀ ሰው ብቻ ነው።

ወደ ማደሪያቸው በተመለሱ ጊዜ እያንዳንዱ ልጅ ከስድስቱ የወደደውን አንዱን ሕንፃ በወረቀት ይንደፍ፥ ከሥሩም ሦስቱን መልሶች ይጻፍ። አባትና እናትም እንዲሁ ቢያደርጉ መልካም ነው። ወረቀቱም ቀን ተጽፎበት በቤተ ሰቡ መዝገብ ይቀመጥ፤ ልጆቹ አድገው ሕንፃ ለማሠራት በተሰየሙ ጊዜ አውጥተው ቢያዩት ይጠቅማቸዋልና።