የፖርቶመጋላው አማና



ለሴሚስተር እረፍት ላንጋኖ ልናድር ስናስብ የአንድ ወንድማችን አባት ደብል ጋቢና የኤሌክትሪክ ፒክአፓቸውን «አማና ናት» ብለው ሰጡን። የኋላው መጫኛ በጀሪካን፣ በምንጣፍና በድስት ስለሞላ ድንኳኖቹ ጣሪያ ላይ መውጣት ነበረባቸው። ፖርቶመጋላ ፍለጋ ወጣን።

ሻጩ ሁለት አቀረበልን፤ አንዱ ወፍራም የብረት ቅርጫት፣ ሌላው ሁለት የአሉሚኒየም ዘንግ ብቻ። ብረቱን ሁላችንም ወደድነው፤ ግርማ አለው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው መመሪያ ግን በጉዞ ላይ ጣሪያው የሚችለው 75 ኪሎ ነው ይላል። ቅርጫቱ 32 ኪሎ፣ ድንኳኖቹ ከነፍራሻቸው 55፤ ድምሩ 87። በዘንጎቹ ግን 63 ብቻ ይሆናል።

ነፋሱም አለ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ሁሉ የሚከፈለው ከባትሪው ነው። ቻርጅ ማድረጊያ ደግሞ እንደ ነዳጅ ማደያ በየከተማው አይገኝም።

ከመካከላችን አንዱ፣ «12 ኪሎ ቢያልፍ ምን አለበት? አባትዬው አያውቁ!» አለ። ዝም አልን። መድረሳ ስለ አማና በቃላችን የያዝነው ፈተናው እዚህ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ መጣ። እሳቸው ባያዩ የሚያይ አለ። ዘንጎቹን ገዛን።

ስንመለስ ዘንጎቹን ፈታን፤ ባዷቸውንም ነፋስ ይይዛሉና። ቁልፉን ስናስረክብ የጫንነውን በኪሎ ነገርናቸው። አባት ሳቁና፣ «ልጄንስ መዘናችሁት?» አሉን።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።