የማን ጎጆ ነው? ከመቁረጣችሁ በፊት እዩት

የሲሪንቃ፣ የመርሳና የአካባቢው አርሶ አደሮች! ማሽላው እያሸተ ነው፣ ወፉም እየመጣ ነው። ሰሞኑን ስልኬ በጎጆ ፎቶ ተሞልቷል። አንዱ የግራር ዛፍ ይልክልኛል፣ ሌላው የቁርቁራ። ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ «ይሄ ግሪሳ ነው ወይ? እንቁረጠው?»

ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። ግን መልሱን ከመናገሬ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ያኔ ያጠፋሁትን እናንተ ዘንድሮ እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው።

ስራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ፎቶ ላከልኝ። ከአንዲት እናት ማሽላ ማሳ ዳር፣ ጅረቱ ላይ ያዘነበለ ግራር አለ፤ ግራሩ ላይ ጎጆ ተንጠልጥሏል። ስቆጥር አርባ ገደማ ይሆናል። እኔ ያን ቀን መርሳ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ፎቶውን ከወንበሬ ሳልነሳ አየሁና «ግሪሳ ነው፣ ቶሎ አውርዱት» ብዬ መለስኩ። ከኮሌጅ ገና መውጣቴ ነው፣ ስለ ወፍ የተማርኩት ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ግሪሳ የሚለውን ስም አውቃለሁ፣ ግሪሳን ግን በአይኔ አይቼ አላውቅም።

ወጣቶቹ ገጀራና መጥረቢያ ይዘው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት «ስራችንን ና እይ» ብለው ጠሩኝ፣ ሄድኩ። ቅርንጫፉ መሬት ላይ ተከምሯል። ላባ ያላበቀለ ጫጩት በየሳሩ ስር ይንጫጫል፣ ከፊሉ ሞቷል። ከላይ ቢጫ ቢጫ ወፎች እየዞሩ ይጮሃሉ። እናትየው በራቸው ላይ ቆመው ያዩናል። ሰላም ስላቸው እንዲህ አሉኝ፤

«ልጄ፣ እነዚህ እኮ እንግዳ አይደሉም። በየክረምቱ እዚሁ ነው የሚወልዱት። ልጅ ሆኜም እዚህ ነበሩ።»

«እማማ፣ ማሽላዎን እንዳይበሉ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ይበላሉ። እኔም እበላለሁ» ብለው ገቡ።

አንዱን ጎጆ አነሳሁት። በሩ ከታች ነው። ወንዱ ቢጫ ነው፣ ራሱ ጥቁር፣ አይኑ ቀይ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ግሪሳ አልነበረም።

ጥፋቱ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ሰው ሁሉ «ግሪሳውን አጥፍተነዋል» ብሎ ተዘናጋ። ማማ ሳይሰራ ቆየ፣ ወንጭፍም የያዘ አልነበረም። ጥቅምት ሲገባ እውነተኛው ግሪሳ በምሥራቅ በኩል፣ ከቆላው እንደ ጭስ ተነስቶ መጣ። ሪፖርት እስክናደርግ፣ ማደሪያውን ፈልገን እስክናገኝ ቀናት አለፉ። የእኚያ እናት ማሳ ዳር ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የተበላው የእሳቸው ነው። ዛላው ቆሞ ቀረ፣ ውስጡ ግን ገለባ። ማንም አልወቀሰኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ በዚያ ግራር ስር ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያየሁትንና ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

ግሪሳ ማን ነው?

ግሪሳ ትንሽ ወፍ ነው፣ ከድንቢጥ ብዙም አይበልጥም። ምንቃሩ ቀይና ወፍራም ነው። ወንዱ በመራቢያው ጊዜ ፊቱ ላይ እንደ ጭንብል ጥቁር ይለብሳል። የሴቷ ምንቃር ደግሞ በመራቢያ ወቅት ወደ ቢጫ ይለወጣል። በአለም ላይ ካሉት የዱር ወፎች በቁጥር የሚበልጠው የለም ይባላል፤ ከቢሊዮን በላይ ነው የሚገመተው።

አንዱ ግሪሳ በቀን ወደ 10 ግራም እህል ይጨርሳል። ትንሽ ትመስላለች። እስቲ አስሉት፤ አንድ ሚሊዮን ወፍ ቢመጣ በቀን 10 ሺህ ኪሎ፣ ማለትም 100 ኩንታል ነው። ማሳ በሶስት ቀን ባዶ ሆነ ስትሉ ማጋነን አይደለም።

ግን ግሪሳ የመጀመሪያ ምርጫው ማሽላችን አይደለም። የሚወደው የዱር ሳር ዘር ነው። ዝናብ ሲጥል መሬት ላይ የነበረው ዘር ይበቅላል፣ ስለዚህ ለእሱ ምግብ ይጠፋል። ያኔ ተነስቶ ይሄዳል። ቀድሞ ዝናብ ያገኘው አገር አዲስ ሳር ዘር ሲይዝ ደግሞ ወደዚያ ይመለሳል። ኑሮው ዝናብን እየተከተለ መዞር ነው። የሳሩ ዘር ባነሰ ጊዜ ነው ወደ እህል የሚዞረው።

የሚራባውም በዚሁ ስሌት ነው። ጥሩ ዝናብ ጥሎ፣ ሳሩ አፍርቶ፣ ነፍሳት ሲበዛ፣ እሾህ ባለበት ቁጥቋጦ ላይ በአንድ ጊዜ ይሰፍራል። ወንዱ በሁለት በሶስት ቀን ጎጆ ይሰራል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ሶስት እንቁላል ትጥላለች። በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቱን መጀመሪያ ላይ ነፍሳት ያበሉታል፣ ከዚያ ወደ ዘር ያሸጋግሩታል። ከጎጆ ስራ እስከ መብረር ያለው ሁሉ ከ5 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ያልቃል። ሺህ ጎጆ ቢኖር ሺሁም እንቁላል የሚይዘው በተቀራረበ ቀን ነው፣ የሚበረውም በአንድ ሰሞን ነው።

ይሄ ለእኛ ምን ይጠቅማል? የግሪሳ መራቢያ ያየ ሰው ጊዜው አጭር መሆኑን ይወቅ። ዛሬ አይቶ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ የሚያቆየው ጉዳይ አይደለም። እስከዚያ ጫጩቱ በርሮ ማሳ ላይ ይወርዳል።

ቢጫው ወፍስ?

ግራሩ ላይ ያስቆረጥኩት ወፍ ሌላ ነው። ሸማኔ ነው ብላችሁ ያዙት። ወንዱ ከሳርና ከበቆሎ ቅጠል እየሰነጠቀ ያመጣል። መጀመሪያ ቀለበት ይሰራል፣ ቀለበቱ ላይ ቆሞ በምንቃሩ እያሰረና እየቋጠረ ይሸምናል። ሲጨርስ ከጎጆው ስር ተገልብጦ ይንጠለጠልና ክንፉን እያራገበ ሴቷን ይጠራል። «ቤት ሰርቻለሁ፣ ግቢ» ማለቱ ነው። ሴቷ ገብታ ትመረምራለች። ካልወደደችው ትሄዳለች። ጎጆው ደርቆ ቀለሙ ሲለወጥ ወንዱ ራሱ አፍርሶ በቦታው አዲስ ይጀምራል። ለትዳር የሚደክመው ሰው ብቻ አይደለም።

ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ ብዙ ጊዜም ውሃ በላይ የሚሰራው እባብ እንዳይደርስበት ነው። በሩን ወደ ታች ያደረገውም ለዚሁ ነው። ሰው ቤት አጠገብ መስፈር ይወዳል። ጎጆው በአስር የሚቆጠር ነው፣ በሺህ የሚቆጠር አይደለም።

እህል ይበላል ወይ? ይበላል፣ አልዋሻችሁም። ማሳ ዳር ያለውን ዛላ ይለቅማል። ግን ጫጩቱን የሚያሳድገው በዋናነት በነፍሳት ነው፤ ትልና አባጨጓሬ፣ ፌንጣና መሰሉን። ጫጩት ላባና አጥንት የሚያወጣው በእህል ብቻ አይደለምና። ጫጩት የሚይዘው ደግሞ በክረምት ነው፣ ትሉ በማሳችን በሚበዛበት ወር። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ጎጆውን ስናወርድ፣ ለእኛ ትል በሚለቅምበት ሰዓት ነው የምናወርደው። እማማ በአንድ ቃል «ይበላሉ» ያሉኝ ይሄን ሁሉ አይተው ኖረው ነው።

እንዴት ትለያላችሁ?

1. ምንቃሩን እዩ። ግሪሳ ቀይና ወፍራም። ቢጫው ወፍ ጥቁር።
2. የጎጆውን በር እዩ። የግሪሳ ጎጆ ትንሽ ድቡልቡል ነው፣ በሩ በጎን ነው። የቢጫው ትልቅ ነው፣ በሩ ከስር ነው።
3. ብዛቱን እዩ። አንድ ዛፍ ላይ አርባ፣ ስልሳ ጎጆ ከሆነ ግሪሳ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ግሪሳ ሲራባ ቁጥቋጦው ሁሉ፣ ዛፍ በዛፍ ጎጆ ይሆናል።
4. አበራረሩን እዩ። ግሪሳ እንደ ደመና አንድ ላይ ተነስቶ አንድ ላይ ይዞራል። የኋለኛው የፊተኛውን እየዘለለ ማሳ ላይ እንደሚንከባለል ይወርዳል።

ፎቶ ስትልኩልኝ ሶስት ነገር ላኩ፤ ወፉን፣ የጎጆውን በር፣ ዛፉን ከነዙሪያው። ቀበሌውንና ቀኑን ጻፉ። ከዚህ ባነሰ መረጃ አልፈርድም። ያን ጊዜ ፈርጄ አይቼዋለሁ።

እውነተኛው ግሪሳ ሲመጣ

መጀመሪያ የሚያድርበትን ፈልጉ። ጠዋትና ማታ ነው በብዛት የሚበላው፣ ፀሐይ ስትከር ጥላ ላይ ያርፋል። ወደ ማታ ሲጠግብ የት እንደሚሄድ በአይን ተከተሉት። ቁጥቋጦ ይሁን ቄጠማ፣ ቦታውን ለቀበሌያችሁ የልማት ሰራተኛ በዚያው ቀን ንገሩ። የመድሃኒት ርጭት የሚደረገው ማሳ ላይ አይደለም፣ ማደሪያው ወይም መራቢያው ላይ ነው። ማደሪያው ሳይታወቅ አውሮፕላን ቢመጣም ጥቅም የለውም። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት አውሮፕላኖች ከአንበጣ ሌላ ግሪሳም ላይ ይሰማራሉ፤ ግን መጀመሪያ ከታች መረጃ መሄድ አለበት። መረጃው እናንተ ጋ ነው።

ርጭት ከተደረገ የሞተ ወፍ አትንኩ፣ አትብሉ፣ ለውሻም አትስጡ። ለግሪሳ ሲረጭ የኖረው ፌንቲዮን የተባለው መድሃኒት ወፍ አይለይም። የሞተውን የበላ ጭላትም ይሞታል። ንብ ያላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቀፎ አርቁ። ርጭት የመጨረሻ መፍትሄ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ብቻችሁን ቀድማችሁ አትድረሱ። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ድርቅ የሚያመልጡ፣ ቶሎ የሚደርሱ የማሽላ ዝርያዎች ላይ ሲሰራ የኖረ ነው፤ ለእኛ አገር ዝናብ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከጎረቤት ሁሉ ተለይቶ አንድ ማሳ ቀድሞ ቢያሸት የአገሩ ወፍ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ቶሎ የሚደርስ ስትዘሩ ከአዋሳኝ ጋር ተመካከሩና በአንድ ሰሞን ዝሩ። ያኔ ጉዳቱ ይከፋፈላል፣ ጥበቃውም ይቀላል።

ሶስተኛ፣ ጥበቃውን ፍሬው ወተት ሲይዝ ጀምሩ። ያ ጊዜ ሲያልፍና ፍሬው ሲጠነክር የወፉ ጉዳት ይቀንሳል። ጅራፍ፣ ወንጭፍ፣ ቆርቆሮ፣ የሚያብለጨልጭ ክር ሁሉም ይሰራል፣ ግን አንዱን ብቻ ሳምንት ሙሉ ካያችሁት ወፉም ይለምደዋል። አቀያይሩ። ጥበቃውን በልጆች ላይ ብቻ አትጣሉት። መስከረም ትምህርት ይከፈታል። ማለዳና አመሻሽ ዋናው ሰዓት ስለሆነ አምስት ስድስት ቤት በፈረቃ ቢይዘው ልጅ ከትምህርት አይቀርም።

አራተኛ፣ የደረሰውን አታቆዩ። ለድግስ፣ ለሰው ኃይል እየተባለ ማሳ ላይ የሚቆም ማሽላ የወፍ ቀለብ ነው።

ላለቅ ነው። ያ ግራር ከተቆረጠበት ጎን እንደገና አቆጥቁጧል። በሚቀጥለው ክረምት ወፎቹ አልመጡም። ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምት አንድ ቢጫ ወፍ ብቻውን መጥቶ ቀለበት ሰራ፣ ሴት አልመጣችለትም፣ አፈረሰው። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ እማማ ደወሉልኝ። የደነገጥኩት ድንጋጤ! ምን ችግር ተፈጠረ ብዬ።

«ልጄ፣ አብሽር» አሉኝ። «ሰባት ጎጆ ሆነዋል። መጥተህ ቁጠራቸው፣ መጥረቢያ ግን እንዳታመጣ።»

ሄጄ ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው። ማማቸውንም ዘንድሮ በጊዜ አብረን ሰራን፣ ለጥቅምቱ እንግዳ።

እናንተም ቀና ብላችሁ እዩ። ጎጆ ያለበት ዛፍ ካለ ገጀራ ከማንሳታችሁ በፊት ስልክ አንሱ። ይሄን ጽሁፍ ስልክ ለሌለው ጎረቤት አንብቡለት። መልካም የመኸር ወቅት ይሁንላችሁ!