አንድ ቀን በአራዳ

እናታችን ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን የመጣችው በጥር ወር ነው። ሁለት ቀን እንዳረፈች «እስቲ አዲስ አበባን አሳዩኝ» አለች። በ1960ዎቹ ሰባት ዓመት ኖራባታለች። ዛሬ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷንም ያማታል።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ፈነደቁ። ወዲያው ወረቀትና እርሳስ አምጥተው የሚታየውን ቦታ ሁሉ ይጽፉ ጀመር። እንጦጦ፣ ስድስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ አንድነት ፓርክ፣ መርካቶ፣ ለገሃር እያሉ ዘጠኝ አደረሱት። እናታችን ወረቀቱን ተቀብላ አየችና «ይኸን ሁሉ በአንድ ቀን? ልታስጎበኙኝ ነው ልታስሮጡኝ?» አለች። ሳቅን። ግን እውነቷን ነው። ሽማግሌና ሕፃን ይዞ ዘጠኝ ቦታ የሚሄድ ሰው የሚያየው የታክሲ ወረፋ ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰፈር ብቻ እንምረጥ ብለን ተመካከርን። አራዳን መረጥን። የሚታየው ነገር ብዙ ነው፤ አንዱ ከሌላው አጠገብ ስለሆነ ብዙ አያስኬድም።

አንድ ነገር ግን አስጨነቀን። እናታችን ትኖርበት የነበረው ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ነው፤ እዚያው ፒያሳ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ነዋሪው ወደ ሌላ የከተማው ክፍል ተዛውሯል። ይህን አልነገርናትም። እንዴት ይነገራል? «በዚያ በኩል ባናልፍ ይሻላል» ተባባልን።

አራዳ የሚባለው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ያለው የድሮው የከተማው መሐል ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ የሚቆመው እዚያ ነበር። በኋላ ጣሊያን ከተማዋን በያዘ ጊዜ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረው። ዛሬ መርካቶ የምንለው እሱ ነው። መርካቶም ፒያሳም የጣሊያን ቃላት ናቸው። መርካቶ ገበያ፣ ፒያሳ አደባባይ ማለት ነው። ገበያው ሄደ፤ አራዳ የሚለው ስም ግን አልሄደም። እንዲያውም ነቃ ያለውን ሰው «አራዳ ነው» እንላለን። ገበያ የዋለ ሰው አይታለልም ለማለት ይሆናል።

ጠዋት በ2 ሰዓት ከቤት ወጣን። ውሃ፣ ቆሎ፣ ጃንጥላና መታወቂያ ይዘናል። የታክሲውን፣ የምሳውንና የመግቢያውን ገንዘብ ለየብቻ አስቀመጥን። እንዲህ ካልተደረገ የልጆች ከረሜላ የምሳውን ብር ይበላዋል። ቀኑንም አስበንበታል። ወር በገባ በ23 የጊዮርጊስ ዕለት ስለሆነ ግቢው በምእመናን ይሞላል። ለመሳለም ከሆነ ጥሩ ነው፤ ለመጎብኘት ግን ሌላ ቀን ይሻላል።

በጊዮርጊስ ጀመርን። ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን አለው። አፄ ምኒልክ ያሠሩት ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የነገሡት እዚህ ነው። በጣሊያን ጊዜ ተቃጥሎ ከነፃነት በኋላ ታድሷል። ውስጡን ካስጌጡት ሥዕሎች መካከል የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ይገኛሉ። እናታችን ግን ሥዕል ልታይ አልቸኮለችም። ደጁን ተሳልማ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ልጆቹም ሳንነግራቸው ዝም አሉ።

ከዚያ ወደ አደባባዩ ወጣን። አፄ ምኒልክ በፈረስ ላይ ሆነው ቆመዋል። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን ሲገባ ነቅሎ ቀበረው። ጠላት ከወጣ በኋላ እንደገና ተተከለ። ትንሹ ልጃችን «ሐውልትም ይቀበራል?» ብሎ ጠየቀ። አያቱም «ይቀበራል፤ ግን ሰው ቦታውን ካልረሳ ይወጣል» አለችው።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም ሩቅ አይደለም። አቡኑ ለጠላት አልገዛም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። የእሳቸው ሐውልትም ተነሥቶ ያውቃል። የባቡሩ መንገድ ሊሠራ በ2005 ዓ.ም. ተነሣ፤ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ። ያኔ ብዙ ሰው እስኪመለስ ድረስ ሰግቶ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። የተመረቀው በየካቲት 2016 ዓ.ም. ነው። ሰፊ ስለሆነ ሽማግሌ ይዞ ሁሉን ልይ ማለት አይቻልም። እኛም አንዱን ክፍል በደንብ አይተን ወጣን። ልጆቹ አኮረፉ። «ሌላ ቀን» ብለን ቃል ገባንላቸው። እዚህ ላይ አንድ ስሕተታችንን እንናገር። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ሄደን በሩ ተዘግቶ አገኘነው። ቀድመን የሚከፈትበትን ሰዓት ብንጠይቅ ኖሮ ያን ያህል ባልደከምን።

ምሳ ሽሮ በላንና ለቡና ጣይቱ ሆቴል ገባን። በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው ይህ ሆቴል በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ዕድሜው ከመቶ ዓመት አልፏል። በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት ብዙው ተጎድቶ ነበር፤ ታድሶ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል። እናታችን በወጣትነቷ በደጁ ስታልፍ ኖራለች፤ ገብታ ግን አታውቅም። «ያኔ የጌቶች ነው ይባል ነበር» አለች። ቡናዋን ቀስ ብላ ጠጣች።

ስኒውን አስቀመጠችና «አሁን ቤቴን አሳዩኝ» አለች።

እርስ በርስ ተያየን። መዋሸት አልቻልንም። «እማዬ፣ ሰፈሩ ፈርሷል» አልናት።

«አውቃለሁ» አለች። «በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እናንተ እስክትነግሩኝ ነው ዝም ያልኩት። ቤቱን እንኳ ባጣ ቦታውን ልየው።»

እኛ ለእሷ ስንደብቅ እሷም ለእኛ ስትደብቅ ኖራለች። ተነሥተን ሄድን። ቦታው ዛሬ ሰፊ መንገድ ነው። የእግረኛው መንገድ ተነጥፏል፤ አበባ ተተክሏል፤ መቀመጫም አለ። ያምራል፤ ይህን አንክድም። ሕፃን የያዘች እናት ከመኪና ጋር ሳትጋፋ ታልፋለች። ግን እናታችን ቆማ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ብታይ የምታውቀው ነገር አጣች። አንድም ግድግዳ፣ አንድም በር የለም።

ብዙ ቆየች። ከዚያ ዐይኗን ወደ መሬቱ አደረገች። «ቁልቁለቱን አላነሡትም» አለች። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በዚህ በኩል እንደሚወርድ በእጅዋ አሳየችን። ቁልቁለቱን ይዛ በከዘራዋ ትጠቁም ጀመር። እዚህ ጠላ ቤቱ፣ እዚያ ልብስ ሰፊው፣ ከእሱ ቀጥሎ አምስት ቤት የሚቀዳበት ቧንቧ። ቡና የሚጠሩኝ እዚህ ነበሩ። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እዚህ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ታላቅ ወንድማችን ነው፤ እሱም አጠገቧ ቆሞ የተወለደበትን አስፋልት ያይ ነበር።

ትልቋ ልጃችን ያን ዘጠኝ ቦታ የተጻፈበትን ወረቀት ከኪሷ አወጣች። ገልብጣ በጀርባው መሣል ጀመረች። አያቷ መቀመጫው ላይ አረፍ ብላ ትናገራለች፤ ልጅቷ ትሥላለች፤ ትንሹ ደግሞ «ጠላ ቤት»፣ «ቧንቧ»፣ «የእማማ ቤት» እያለ ስሙን ይጽፋል። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያያል። አንድ ጎልማሳ «ጠላ ቤቱ ከዚህ ትንሽ ወረድ ይል ነበር» ብሎ አረማት። ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ እሱ ተሸነፈ።

በእቅዳችን መሠረት በ9 ሰዓት ሀገር ፍቅር ቲያትርን ማየት ነበረብን። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር ነው ብለን ለልጆቹ ልንነግራቸው አስበን ነበር። ጊዜው አለፈ። ማንም አላስታወሰውም።

ወደ ማታ ታክሲ ተሰልፈን ስንጠብቅ እናታችን ወረቀቱን እንደገና ጠየቀች። በመንገዱ መብራት ከፍ አድርጋ አየችው።

«ቧንቧውን አሳስታችኋል» አለች። «ከዛፉ በስተቀኝ ነው።»

ልጅቷ እርሳሷን ፈለገች።