የቅምሻ ብስኩት

ከእናቴ ጋር ገበያ በወረድሁ ቁጥር የማየው ነገር አለ። እናቴ የቅቤውን ዋጋ ከመከራከሯ በፊት በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ትቀምሳለች፤ ሻጪቱም ፊት ፊቷን እያየች ትጠብቃለች። ማርም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ቆሎም ቢሆን ቆንጠር ተደርጎ ይቀመሳል። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ምርቃት ይጨመራል። እናቴ «ይህ ቅቤ የከረመ ነው» ያለች እንደ ሆነ ሻጪቱ መልስ መስጠት አለባት፤ ዝም ብትል ገበያው ይፈርሳል። ስለ ቅምሻ የማውቀው ይህን ብቻ ሳለሁ ነበር በ2016 ዓ.ም. ክረምት እኔው ራሴ አቅማሽ የሆንሁት።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ብስኩት አምራች አዲስ ያወጣውን ክሬም ያለበት ብስኩት በየመንገዱ በነጻ የሚያድሉ ወጣቶች ይፈልግ ነበርና፥ የአክስቴ ልጅ አገናኝታኝ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ተቀጠርሁ። የደብተርና የጫማ መግዣዬ ተገኘ ብዬ እጅግ ደስ አለኝ። እናቴ ግን «በነጻ ለማደል ደመወዝ ይከፈላል?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። የተመደብሁት ስድስት ኪሎ፥ ከየካቲት 12 ሐውልት ባሻገር በዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ነበር። ግቢው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደ ነበረና በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ እንደ ዋለ ተምሬ ስለ ነበር፥ ቀይ ሽርጥ ታጥቄም ቢሆን እዚያ በር ላይ መቆሜ ትንሽ አኮራኝ።

ተቆጣጣሪያችን የሰጠን ትእዛዝ አጭር ነበር፤ «ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለልጆች ስጡ፤ ለሌላው አታባክኑ። ተማሪ ለጓደኞቹ ያወራል፤ ልጅ ደግሞ እናቱን እየጎተተ ሱቅ ያደርሳታል።» በእያንዳንዱ ትንሽ እሽግ ውስጥ ሁለት ብስኩት አለ። ለአንድ ሰው አንድ እሽግ ሰጥቶ፥ ሲበላ አይቶ፥ «እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆ፥ ቅጹ ላይ «ወደዱት» ወይም «አልወደዱትም» በሚለው ሥር መስመር መሳብ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲባል ወጣት ጠብቄ ነበር፤ በክረምት የሚማሩት ግን አብዛኞቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ መምህራን ናቸው። አብዛኞቹም አይበሉትም፤ አመስግነው ኪሳቸው ይከቱታል። አንድ ጠና ያሉ መምህር እሽጉን ከመጽሐፋቸው መሐል አስገብተው፥ «ይህ የልጄ ነው» አሉኝ። «እንዴት አገኙት ብዬ ልጽፍ?» ብላቸው፥ «ጳጉሜን ስገባ እርሷን ጠይቄ እነግርሻለሁ» ብለው ሳቁ። በየትኛው ሥር እንደምሰምር ጨንቆኝ ዘለልሁት። ማታ ቅጹ ጎደለ ተብሎ ተቆጡኝ።

ከልጆቹ ጋር ግን ሥራው ሌላ ነበር። ነጋ ጠባ ይመጣሉ፤ ነጠላቸውን አዙረው ለብሰው ተመልሰው ሌላ ሰው የሆኑ ይመስላቸዋል። እኔም እንዳላወቅሁ ሆኜ እሰጣለሁ። ወሩ ፍልሰታ ነው፤ ፍልሰታን ደግሞ ሌላውን ጾም የማይጾም ሕፃን ሁሉ ይጾመዋል። ከረፋድ ጀምሮ ነጭ ለብሰው ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ በእኔ በኩል ያልፋሉ።

ነሐሴ 7 ቀን ስምንት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ እሽጉን ተቀብላ አገላበጠችውና፥ «እትዬ፥ የጾም ነው?» አለችኝ።

«አዎን፥ ብስኩት ደግሞ ምን ፍስክ አለው» አልኋት።

እርሷም አመነችኝ። «ከቆረብሁ በኋላ ከወንድሜ ጋር እንበላዋለን» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

ከአጠገቤ ሦስት ጫማ ጠራጊ ልጆች ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠው አንዱን እሽግ ይካፈሉ ነበር። ሁለት ብስኩት ለሦስት ሰው እንዴት እንደሚከፈል የሒሳብ መምህራችን ቢያዩ በወደዱት ነበር። ከሦስቱ ትልቁ ከድርሻው ሸረፍ አድርጎ ዘረጋልኝና፥ «እንቺ እህቴ፥ አንቺ እኮ አልቀመስሽም» አለኝ።

«አይ፥ እኔ ጾመኛ ነኝ» አልሁት፤ ከአፌ አመለጠኝ።

ልጁ እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ። «ታዲያ ለዚያች ልጅ የጾም ነው አላልሻትም?»

መልስ አልነበረኝም። ሰባት ቀን ሙሉ «ቅመሱት፥ በጣም ይጣፍጣል» እያልሁ ስጮህ አንዲት ፍርፋሪ ወደ አፌ አላስገባሁም ነበር። ጊዜ አጥቼ አይደለም። የልቤን ብናገር፥ ፍስክ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ የእሽጉንም ጀርባ ያላነበብሁት እንዳላውቅ ብዬ ነው። ያን ጊዜ ገልብጬ አነበብሁት። በደቃቅ ፊደል ከዱቄቱና ከስኳሩ ቀጥሎ የወተት ዱቄት ተጽፏል።

ለተቆጣጣሪው ደወልሁ። «ሥራሽ ማደል ነው፥ ሃይማኖት ማስተማር አይደለም፤ ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። «አንዲት ልጅ ጠይቃኛለች» ብለው ስልኩን ዘጋው።

ሥራዬ በስምንት ሰዓት ያበቃ ነበር። የቀረውን ካርቶን ተሸክሜ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ አንድ ቆርቆሮ ሥር ቆምሁ። ዝናቡም መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሕዝቡ መውጣት ጀመረ፤ ሁሉም ነጭ ለብሷል፤ ልጆቹ ሁሉ በነጠላ ተሸፋፍነው አንድ መሰሉኝ። ቀይ ሽርጤን ያዩት ግን እነርሱው ራሳቸው ወደ እኔ እየሮጡ መጡ፤ ላድል የቆምሁ መስሏቸው ነው። «ልጆች፥ ብስኩቱ ወተት አለበት፤ የጾም ነው ያልኋችሁ ተሳስቼ ነው» አልኋቸው። ተሳስቼ ማለቴም ራሱ እውነት አልነበረም። አንዳንዶቹ ሳቁ። አንድ ልጅ ግን ዝም ብሎ ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ፤ ስንት እንደ በላ ይሆናል የቆጠረው። በቅጼ ላይ ለልጆች የሳብኋቸው መስመሮች ከመቶ በላይ ነበሩ፤ እዚያ ያገኘኋቸው ሃያ አይሞሉም።

ያችን ልጅ ያየኋት ከሁሉ መጨረሻ ነው። ወንድሟን በእጇ ይዛለች፤ ቋጠሮዋም እንዳለ ነው። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ነገርኋት። ፈትታ ትመልስልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ለፍስክ ስንት ቀን ቀረው?» አለችኝ።

«ዘጠኝ።»

ጥቂት አሰበችና ቋጠሮውን አጠበቀችው። «ለወንድሜ ግን እንዳትነግሪው፤ እሱ አያስችለውም።»

ከማግሥቱ ጀምሮ ለሰጠሁት ሁሉ «ወተት አለበት» እያልሁ አደልሁ። ሰው ግን አልሸሸኝም፤ ተቀብሎ ኪሱ ይከታል እንጂ። ችግሩ ፊቴ የሚበላ ስለ ታጣ ቅጹ ባዶውን መግባቱ ነበር። ነሐሴ 10 ቀን የሠራሁበትን ከፍለው አሰናበቱኝ፤ ለደብተሩ በቃ፥ ለጫማው ግን አልበቃም።

ጾሙ በተፈታ ዕለት በሽርጤ ኪስ ቀርታ የነበረችውን አንዲት እሽግ ከእናቴ ጋር ተካፈልን። ስኳሩ ይበዛል፤ ክሬሙም ከላንቃ ላይ ይጣበቃል። እናቴ አጣጥማ አጣጥማ «የከረመ ነው» አለች።