ዋልያዋንስ ማን አከማት?

የልጅ ልጄ ዋልያን የሚያውቀው በማልያ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት "ዋልያዎቹ" ሲባል እየሰማ ስላደገ የኳስ ቡድን ስም ብቻ ይመስለዋል። ዘጠኝ ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በ2011 ዓ.ም. አንድ ምሽት ራት ላይ፣ "እማማ፣ ዋልያ እውነተኛ እንስሳ ነው እንዴ?" አለኝ። አባቱ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። "እወስድሃለሁ፤ በዓይንህ ታየዋለህ" አልኩት። በጥር ወር ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ ቃሌን ጠብቄ ይዤው ሄድኩ።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ነው። እዚያ የመግቢያው ተከፍሎ ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይመደባል። የእኛው ስካውት የአገሩ ተወላጅ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ሳንቃበር ስንደርስ ጭላዳዎች ሜዳውን ሞልተው ሣር ይነጫሉ። ሰው ቢቀርባቸው ግድም የላቸው። ልጁ መኪናው ውስጥ መቀመጥ አቃተው። የጅንባርን ፏፏቴ አይተን፣ አስታውንና ጅብራውን እያለፍን አመሻሽ ላይ ጨነቅ ገባን።

እዚህ ላይ የነርስነት ምክሬን ጣል ላድርግ። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛም ሰው ቢሆን ቶሎ ይደክመዋል። ከልጅ ጋር ስትሄዱ በዝግታ ውጡ፤ ውኃ ደጋግማችሁ አጠጡት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው ሽቅብ መውጣቱን አቁሙ። ከባሰበት ሳትዘገዩ ወደ ታች መውረድ ነው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባችሁ አያቶች ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ልብስ አይረሳ።

ያን ምሽት እሳት ዙሪያ ተቀምጠን ሳለ ልጁ፣ "እማማ፣ አንቺ ዋልያ በቅርብ አይተሽ ታውቂያለሽ?" ሲል ጠየቀኝ።

"አላውቅም። ዋልያ የገደለ ሰው ግን አክሜያለሁ" አልኩት።

ጊዜው ጥቅምት 1988 ዓ.ም. ነበር። ከደባርቅ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። አንድ ሌሊት አራት ሰዎች አንድ ጎልማሳ በቃሬዛ ተሸክመው መጡ። የጭኑ አጥንት ተሰብሯል፤ ቁስሉ አፈር ጠጥቷል፤ ሰውነቱ በብርድ ደርቋል። "እንጨት ሲለቅም ገደል ገባ" አሉኝ። ጉሉኮስ ሰቀልኩለት። ቁስሉን አጥቤ፣ ፔኒሲሊንና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ወግቼ እግሩን በጣውላ አሰርኩ። ተሸካሚዎቹ ደክሟቸው በረንዳው ላይ ሲተኙ ሰውየው እጄን ያዘና፣ "እታለም፣ ላንቺ አልዋሽም። እንጨት አይደለም፤ ዋልያ ነው" አለኝ።

የዚያ ዓመት ገብሱን ውርጭ መትቶበታል። ቤቱ አራስ አለች፤ ጎተራው ባዶ ነው። ስለ አደኑ የነገረኝን ዛሬም አልረሳሁትም። ዋልያ ጠላት ይመጣብኛል ብሎ የሚጠብቀው ከታች ስለሆነ አዳኙ በጨለማ ተነስቶ ከበላዩ ካለው አፋፍ ላይ ይወጣል። ነፋሱ ጠረኑን እንዳይወስድበት አቅጣጫውን ለይቶ፣ ድንጋይ ተከልሎ በደረቱ ይተኛል። ፀሐይ ወጥታ ገደሉን ስትነካ እንስሶቹ ሊሞቁና ሊግጡ ብቅ ይላሉ። "መተኮሱ ምን አለው? ጭንቁ ማውጣቱ ነው" አለኝ። የተመታችው ዋልያ ተንከባላ አንዲት ጠባብ እርከን ላይ ቀረች። እሱም ጠፍር አስሮ ሲወርድ ድንጋዩ ከዳውና አጠገቧ ወደቀ። ሰዎች እስኪደርሱለት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ከሬሳዋ ጎን አሳለፈ። "እንስት መሆኗን ያወቅኩት ያኔ ነው። ጡቷ ወተት ይዞ ነበር" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሥጋውን ያወጣው የለም፤ የአሞራ ሲሳይ ሆነ።

ሲነጋ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ላክሁት። በማግሥቱ የፓርክ ጠባቂ መጥቶ፣ "ሲስተር፣ ያ ሰው ምን ሆኖ ነው?" ሲል ጠየቀኝ። መዝገቡ ላይ "ከገደል ወድቆ" ብዬ ጽፌ ነበርና ያንኑ ነገርኩት። ጥቂት አየኝና ሄደ። እሱም ቢሆን በትንሽ ደመወዝ ያንን ሁሉ ገደል የሚዞር የድኻ ልጅ ነው። ሰውየው እያነከሰም ቢሆን በእግሩ መመለሱን ቆይቼ ሰማሁ።

ልጁ በጸጥታ አዳመጠኝና፣ "ታዲያ ለምን እውነቱን አልነገርሽውም?" አለኝ።

"ሰው ወደ ሐኪም የሚመጣው ሊድን ብሎ ነው። ያን ቀን ባጋልጠው ኖሮ የሚቀጥለው ሰው ሲወድቅ ወደ እኔ አያመጡትም፤ እቤቱ ይሞታል" አልኩት።

ትንሽ አሰበና፣ "ዋልያዋንስ ማን አከማት?" አለ።

መልስ አልነበረኝም። ስካውቱም እሳቱን ከመቆስቆስ በቀር ምንም አላለም።

ማለዳ የቧሂትን መንገድ ይዘን ገና ብዙ ሳንወጣ ስካውቱ በእጁ አቁሙ አለን። ከበታቻችን ባለው ገደል ሦስት እንስቶችና ሁለት ግልገሎች ይግጣሉ። ከእነሱ ፈንጠር ብሎ አንድ አውራ ቆሟል፤ ቀለሙ ቡናማ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ቀንዱ ወደ ጀርባው የተቆለመመ። የአውራ ቀንድ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። አንደኛው ግልገል ለእኔ መዳፍ የማትበቃ በምትመስል ድንጋይ ላይ ዘሎ ቆመ። ልጁ ትንፋሹን ዋጠ።

"አባቴ አዳኝ ነበር" አለ ስካውቱ በቀስታ። "በዋልያ ቀንድ ዋንጫ ጠላ ሲጠጣ አይቼ ነው ያደግኩት። እኔ ደግሞ ልጆቼን የማሳድገው ዋልያውን እየጠበቅኩ ነው።"

ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዱር የሚገኝበት አገር የለም። ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ። እኔ ያንን ሰው ባከምኩበት ዘመን፣ በ1996፣ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። አንዱ ምክንያት የዋልያ ቁጥር መመናመን ነበር። ብዙ ተለፍቶ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። እኛ ግልገሎቹን ያየነው በዚያ ደግ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ጦርነት መጣ፤ የዋልያም ቁጥር እንደገና አሽቆለቆለ። በእነዚህ ዓመታት ገብሱ ማን ጋ እንደጠፋ፣ ማን አፋፍ ላይ በደረቱ እንደተኛ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ጠባቂ ብቻውን ዋልያን አያድንም፤ የገደሉ ጎረቤት ጎተራም መሙላት አለበት።

የልጅ ልጄ አሁን ቁመቱ ከእኔ በልጧል። ኳስ ባየን ቁጥር፣ "እማማ፣ መቼ ነው የምንመለሰው?" ይለኛል። "ሰላም ሲሆን" እለዋለሁ። ያን ምሽት ለጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

ቸር ያሰንብተን።