ኦርጋን ልገዛ ባልቲሞር ሄጄ

እቁብ ሲደርሰው ሰው ምን ያደርጋል? አንዱ መኪናውን ይቀይራል፤ አንዱ አገር ቤት ለእናቱ የቤት ጣሪያ ያስቀይራል፤ አንዱ ደግሞ ሽማግሌ ይልካል። እኔ 4 ሺህ ዶላር ሲደርሰኝ ምን አልኩ መሰላችሁ? «አሮጌ ኦርጋን ልግዛ!» ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ጓደኞቼ ሳቃቸውን መሰብሰብ አቃታቸው። «ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ስትጠብቅ የኖርከው ለዚህ ነው?» አለኝ አንደኛው።

ነገሩ ግን የቦሌ ቃል ነው። ከአገር ስወጣ ታላቅ ወንድሜ ሻንጣዬን እየገፋ ሸኘኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በየምሽት ቤቱ ኪቦርድ ሲጫወት ያደገ ሰው ነው፤ ለእኔም የመጀመሪያዋን ትዝታ በጣቴ ያስያዘኝ እሱ ነው። «ምን ልላክልህ?» አልኩት። ሳቅ ብሎ «ሐሞንድ» አለኝ። እኔም «አለቀ!» አልኩ። በቦሌ በር ላይ የሚገባ ቃል ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ለሚሄደው ቀላል ነው፣ ለሚቀረው ግን ቀጠሮ ነው። ይኸው 12 ዓመት አለፈው።

ለማያውቀው ልንገር። ሐሞንድ እ.ኤ.አ. በ1935 ሎረንስ ሐሞንድ የተባለ የሰዓት ፈልሳፊ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ያቀረበው ኦርጋን ነው። ቱቦ የለው፣ ኮምፒዩተር የለው። በትልልቆቹ ሞዴሎች ሆድ ውስጥ 91 ጥርሳም የብረት ጎማዎች በአንድ ሞተር ይሽከረከራሉ፤ እያንዳንዳቸው በማግኔት አጠገብ ሲያልፉ ድምፅ ይወለዳል። የቱቦ ኦርጋን መግዣ ያልነበራቸው አብያተ ክርስቲያናት ተሻሙበት፤ የጥቁር አሜሪካውያን ጎስፔል ደግሞ ነፍስ ዘራበት። ታዋቂዎቹ ቢ-3 እና ሲ-3 የተሠሩት ከ1954 እስከ 1974 ነው። የውስጥ ዕቃቸው አንድ ነው፤ ሲ-3 እግሩ በሳንቃ የተሸፈነ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጨዋ ነው።

እናላችሁ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ተከራይቼ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ባልቲሞር ነዳሁ። አጠገቤ ያሉት አንድ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ፒያሳ ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ፣ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሕንፃ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ።

ባልቲሞር ከዋሽንግተን የአንድ ሰዓት መንገድ ትሁን እንጂ ሌላ ዓለም ናት። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው፣ ቀጠን ብለው፣ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። በየበራቸው ነጭ የእብነ በረድ ደረጃ አለ። አንዱ ቤት በሳንቃ ታሽጓል፤ የሚቀጥለው በረንዳ ላይ አበባ ተተክሏል። እኛ የቆምንበት ቤት ደረጃው ታጥቦ ያብረቀርቅ ነበር።

በሩን የከፈቱልን ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ናቸው። በልቤ «እማማ» አልኳቸው። ባለቤታቸው ለብዙ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የተጫወቱ ሰው ነበሩ። ሲ-3ው ሳሎኑን ግማሽ ይዞ ቆሟል፤ ከጎኑ ሌስሊ የሚባለው፣ ውስጡ ጡሩምባው የሚዞር የእንጨት ሳጥን።

ጋሼ መጀመሪያ የጀርባውን ክዳን አስከፈቱ። በባትሪ እያበሩ አሸተቱ፣ ዳበሱ። ከዚያ አስነሱት። ስታርት የሚለው ማብሪያ 8 ሰከንድ ያህል ተያዘ፤ እሱ ሳይለቀቅ ራን የሚለው ተከፈተ፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይተው ስታርቱን ለቀቁት። ከሆዱ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ያለ ሹክሹክታ መጣ። «ጤነኛ ነው» አሉ።

እማማ ግን «ሳትጫወትበት አልሸጥልህም» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ከትዝታ በቀር ምን አውቃለሁ? ያችኑ ተጫወትኩ። ሌስሊው ሲዞር ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ተንቀጠቀጠ፤ ፀጉሬ ቆመ! ስጨርስ እማማ ዝም ብለው ቆዩና «እጅህ ደህና ነው ልጄ፤ እግርህ ግን ሰነፍ ነው» አሉኝ። ለካ ታች ያሉትን 25 ፔዳሎች ጭራሽ ረስቻቸው ነበር።

3,800 ብለው ጠሩ። የመርካቶ ልጅ አይደለሁ? 2,500 አልኩ። 3,200 ላይ ተስማማን። ገንዘቡን ከኪሴ ሳወጣ፣ ጋሼ እንደ ዋዛ «ቤትህ በሩ ያስገባዋል?» አሉኝ።

«ለኔ አይደለም፤ አዲስ አበባ ለወንድሜ ነው የምልከው።»

ክው አሉ። «አንተ ልጅ! 50 ሳይክል ላይ?»

ዕቃ የሚልከው ሰውዬ «ትራንስፎርመር ግዛ፣ አለቀ» ብሎኝ ነበር። ጋሼ ደረጃው ላይ አስቀምጠው አስረዱኝ። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የኛ 50 ጊዜ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ከ220 ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ይኼን አይነካም። የሐሞንድ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ምልልስ ነው፤ እዚህ በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚዞረው አዲስ አበባ 1,000 ይዞራል። ድምፁ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል ማለት ነው።

እዚያው ሆኜ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። እሱ ምን ቸግሮት፣ «ሦስት ከሆነ እኔ ወደ ላይ አዙሬ እጫወታለሁ» አለኝ።

«ሦስት ከነትርፉ ነው።»

ዝም አለ። ያቺ ትርፍ ምን እንደምታደርግ እሱ ከኔ ይበልጥ ያውቃል፤ ከሳክስፎኑ ጋር በፍጹም አትገጥምም። የሚያስተካክል መሣሪያ አለ፤ ግን ሌላ ወጪ፣ ሌላ ጣጣ ነው። በመጨረሻ «ቃልህን አልረሳህም፣ ይበቃኛል። ግን እንዳትተወው፤ አንተ ግዛው» አለኝ። እማማም በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ከፈልኩ።

ከኔ ስህተት ትማሩ ዘንድ ጥቂት ልበል። አንደኛ፣ መብራት ሲሰካ ሳታዩ አትግዙ፤ ሁሉንም ቁልፍና 0 እስከ 8 የሚሳቡትን ዘንጎች አንድ በአንድ ሞክሩ። ሁለተኛ፣ ምን ዘይት እንደጠጣ ጠይቁ፤ የራሱ ዘይት አለው፣ የማይሆን ዘይት ውስጡን ያጣብቀዋል። ሦስተኛ፣ በሩንና ደረጃውን አስቀድማችሁ ለኩ፤ ከነወንበሩና ከነፔዳሉ ወደ 190 ኪሎ ነው፣ እኔ አምስት ጎረምሳ ምሳ ጋብዣለሁ። አራተኛና ዋናው፣ ለአገር ቤት ከሆነ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። 50 ካለ ይሁን፤ ለአውሮፓ የተሠሩ አሉ። 60 ካለ ግን ለአሜሪካ ይቅር።

አሁን ኦርጋኑ የተከራየሁት ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። እሑድ እሑድ ስልኩን ላዩ ላይ አስቀምጬ እጫወታለሁ፤ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያዳምጣል። ትንሽ ይታገስና መጮህ ይጀምራል፦ «እግር! እግርህ የት ሄደ?» እኔም ለእሱ ባለ 50ውን ማፈላለጌን አልተውኩም። የሚቀጥለው እቁብ ይድረሰኝ እንጂ።

ቸር ይግጠመን።