ፈተናው የማን ነው?

የልጄ የመውጫ ፈተና ውጤት የወጣ ዕለት ቤታችን ውስጥ ምሳ የበላ አልነበረም። ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ ቆይቶ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውጤቱ ተከፈተ። ልጄ ስልኩን አየና ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አስቀመጠው። አባቱ አነሳው። 46 ይላል። ማለፊያው 50 ነው።

«አራት ነጥብ እኮ ናት» አልኩት፣ ማጽናናቴ ነው።

«እማዬ፣ አራትም ጎደለ አርባ ያው ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር። የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ኮርሶቹን በሙሉ ጨርሶም ቢሆን ዲግሪውን አያገኝም። ለምረቃው ብሎ አባቱ ያሰፋለት ሱፍ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደተሰቀለ ቀረ። ከአራት ዓመት በፊት ድፎ ዳቦ ጋግረን፣ ብርድ ልብስ አስይዘን፣ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሸኘነው ልጅ፣ ያን ምሽት ክፍሉን ዘግቶ ተኛ።

ይህን የምጽፈው ለልጄ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ስንፍናውን እኔም አውቀዋለሁ፤ መጽሐፉን ከፍቶ ስልኩን ሲያነብ ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ። ፈተናው መኖሩንም አልቃወምም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ ሁላችንም ደንግጠናል። ለዓመታት የተሸፈነ ነገር ነበር የተገለጠው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናው ሲጀመርም ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያለፉት 62 በመቶ ያህል፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17 በመቶ ያህል ነበሩ። ዲግሪ ወረቀት ብቻ እንዳይሆን መመዘን አለበት። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው፦ የተመዘነው ማን ነው?

ልጄ በሦስተኛው ቀን ከክፍሉ ወጥቶ ደብተሮቹን ሳሎን ውስጥ ዘረገፋቸው። የትኛው ላይ እንደወደቀ ለማወቅ አንድ በአንድ እያነሳን አየን። ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የተማረው። የዳታቤዝ ደብተሩ ሃያ ገጽ እንኳ አልሞላም። «ይሄስ?» አልኩት። ሴሚስተሩ እስኪጋመስ መምህር አልተመደበላቸውም ነበር። በመጨረሻ አንድ መምህር ከሌላ ቦታ መጥቶ በሦስት ሳምንት ጠዋትና ማታ አስተምሮ ጨረሰው። ሌላ ደብተር አነሳሁ። የቤተ ሙከራ ኮርስ ነው፤ አንድ ኮምፒውተር ለአራት ተማሪ ይደርስ ነበር። «አንዱ ይነካል፣ ሦስታችን እናያለን» አለኝ። ለአራት ዓመት በየዕረፍቱ ቤት ሲመጣ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስለው «ጥሩ ነው» ብቻ ነበር መልሱ። እኔም ከዚያ አልፌ አልጠየቅኩም።

የትምህርት ማስረጃውን ጉዳይ ለመጨረስ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ትሑት ወጣት ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። የደብተሩን ነገር ስነግረው አልካደም።

«እናቴ፣ መምህሩ ለቆብን ነበር። በዚህ ደመወዝ ማን ይቆያል? ኮምፒውተርም ከጠየቅን ቆይተናል። ተማሪም እኛ አንመርጥም፤ የተመደበልንን ነው የምናስተምረው።»

እሱም እውነት አለው። «ታዲያ ከዚህ ክፍል ስንት ልጆች አለፉ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ለሚመለከተው አካል ሪፖርት ተደርጓል።»

«ያላለፉት ሲበዙስ እናንተን ምን ያገኛችኋል?»

ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። «ስብሰባ» አለኝ።

አብረን ሳቅን። ሳቁ ግን አውቶቡስ ላይ ለቀቀኝ። ልጄ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያይ እኔ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለውን ተረት አስብ ነበር።

ወንድሜ አሜሪካ ውስጥ በቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ ነው የሚኖረው። እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። የዚያን ሰሞን የልጄን ነገር ስነግረው ልጁ ስልኩን ተቀበለችው። እሷም በግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት።

«አክስቴ፣ እኔም እኮ ባለፈው ወር የመውጫ ፈተና ተፈትኛለሁ» አለችኝ።

«ስንት አመጣሽ?»

«እንጃ! የእኔ ነጥብ አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ ነው።»

መጀመሪያ አማርኛው የጠፋባት መስሎኝ ነበር። አባቷ ቀስ ብሎ አስረዳኝ፣ እኔም ከዚያ ወዲህ እየፈለግኩ አነበብኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪዋ ለመመረቅ ፈተናው ላይ መቀመጥ ይጠበቅባታል፤ የማለፊያ ነጥብ ግን የለባትም፣ ዝቅ ያለ ውጤት ብታመጣም ዲግሪዋን አታጣም። የተመራቂዎቹ ውጤት ተደምሮ የሚመዘነው ዩኒቨርሲቲው ነው። ቴነሲ ይህን መንገድ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን በአሜሪካ ከቀዳሚዎቹ ናት። ተቋሙ ተማሪዎቹ ምን ያህል እንዳወቁና ትምህርቱ ምን ያህል ጥራት እንዳለው በሚያሳዩ መለኪያዎች ጥሩ ሲያመጣ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል፤ ጭማሪው እስከ 5.45 በመቶ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመሩ። ቀድሞ የበጀቱ መሠረት በመዝገብ የሰፈረው የተማሪ ብዛት ነበር። በአዲሱ ሕግ ግን ቀመሩ ወደ ውጤት ዞረ፦ ስንት ተማሪ በየደረጃው የተወሰነ ክሬዲት ላይ ደረሰ? ስንቱስ ተመረቀ? ከሦስት ዓመት በኋላ የግዛቲቱ አገረ ገዥ ቢል ሃስላም፣ እስከ 2025 ድረስ ከቴነሲ ነዋሪዎች 55 በመቶው ዲግሪ ወይም የሙያ ሰርተፊኬት እንዲኖራቸው የሚል ግብ አስታወቀ። ግቡንም ለተማሪው ብቻ አልተዉትም። ሁለተኛ ደረጃ ለሚጨርሱ ልጆች የኮሚዩኒቲና የቴክኒክ ኮሌጅ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን የሚያደርግ ሕግ ወጣ። የወንድሜ ትልቁ ልጅ በዚህ ነው የተማረው፤ በምላሹ በየሴሚስተሩ 8 ሰዓት የበጎ ፈቃድ ሥራ ይሠራ ነበር።

ይህን ስል «ውጭ አገር ሁሉ ነገር ሙሉ ነው» ከሚሉት ወገን እንዳታደርጉኝ። የእነሱም አሠራር ነቀፌታ አለበት። ኮሌጅ በተመራቂ ብዛት ከተከፈለው፣ ይወድቃሉ ብሎ የሚፈራቸውን ልጆች ከበሩ ሊመልስ ይችላል። ለዚህ ብለው ከድሃ ቤተሰብ የመጣ ወይም በዕድሜ የገፋ ተማሪ ሲሳካለት ለተቋሙ የበለጠ ክብደት ይሰጡታል። እንዲህ ዓይነት በጀት ያለባቸውን ግዛቶች ያጠኑ ሰዎችም አንዳንድ ኮሌጆች ቶሎ የሚያልቁ አጫጭር ሰርተፊኬቶችን አብዝተዋል ይላሉ። ግብ ሲኖር አቋራጭ የሚፈልግ የትም አይጠፋም።

ጠያቂውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ናሽቪል ውስጥ ጥቁሮች የተማሩበት ቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነባር የመንግሥት ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአገሪቱ የትምህርትና የግብርና ሚኒስትሮች ለአገረ ገዥው በጻፉት ደብዳቤ፣ ግዛቲቱ ከ30 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ለዚህ ዩኒቨርሲቲ ማግኘት ይገባው የነበረውን 2.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዳጎደለችበት ገልጸዋል። እያጎደሉ ውጤት መጠየቅ ፍርድ አይደለም። ይህን ሳነብ ያ ትሑት የትምህርት ክፍል ኃላፊ ትዝ አለኝ። እሱን ስብሰባ የሚጠራው አካል፣ ኮምፒውተሩን ለምን እንዳላከ የሚጠይቀው ማን ነው?

ወደ እኛ ስመለስ፣ አገራችንም ግብ አጥታ አታውቅም። በአንድ ትውልድ ዕድሜ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን በጣት ከሚቆጠሩት ተነስተው ከ40 በላይ ሆነዋል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያጠኑ ተወስኖ ነበር። እነዚህ ግቦች ስንት ይግባ የሚሉ ናቸው። ምን ያህል አውቆ ይውጣ የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣም በፈተና ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጁ ብቻውን ነው። ልጁ ደግሞ ወጪ መጋራት ፈርሟል፤ ዕዳው ቢያልፍም ባያልፍም የእሱ ነው።

በጎ ጅምር የለም አልልም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የተቋማትን ነፃነት ከተጠያቂነት ጋር ያነሳል። በቅርብ ዓመታትም ትምህርት ሚኒስቴር ከዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች ጋር የአፈጻጸም ስምምነት መፈራረም ጀምሯል። ሲፈራረሙ በቴሌቪዥን እናያለን። የተፈረመው ምን እንደሆነ፣ በዓመቱ መጨረሻ ማን ምን እንደፈጸመ ግን እኛ ቤት አይደርስም። ልጆቻችን የሚማሩበት በጀት ከግብራችን የሚወጣ፣ የሚማሩትም የእኛ ልጆች ናቸው።

የደከመው ዩኒቨርሲቲ በጀቱ ይቀነስ የሚል ሐሳብ አልደግፍም። ያኔ አራት ሆነው ያዩት የነበረውን ኮምፒውተር ስድስት ሆነው ያዩታል፤ ቅጣቱ ዞሮ ልጆቹ ላይ ነው። እኔ የምመኘው ቀላል ነገር ነው። የመውጫ ፈተና ውጤት በየዩኒቨርሲቲውና በየትምህርት ክፍሉ፣ ወላጅ በሚያነበው ቋንቋ በየዓመቱ ይውጣ። ከውጤቱ ጎን የትኛው ኮርስ ስንት ሳምንት ያለ መምህር እንደቆየና ለስንት ተማሪ ስንት ኮምፒውተር እንዳለ ይጻፍ። ውጤቱ ያነሰበት ክፍል ምን እንዳስተካከለ፣ መንግሥትም የተጠየቀውን ስንቱን እንዳሟላ በቀጣዩ ዓመት ይነገረን። ያኔ የልጄ 46 የእሱ ስንፍና ስንት፣ የሌሎች ጉድለት ስንት እንደሆነ መለየት ይቻላል። የራሱን ድርሻ እኔ ራሴ አስከፍለዋለሁ።

እኛ ወላጆችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በአንደኛ ደረጃ ሳለ ደብተሩን በየማታው አይ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «አሁንስ ትልቅ ሰው ሆነ» ብዬ ተውኩት። «ትምህርት እንዴት ነው?» ከማለት «በዚህ ሴሚስተር ያልተመደበላችሁ መምህር አለ ወይ?» ማለት ይሻላል። ልጅ ላለው ቤት ይህችን ጥያቄ አደራ እላለሁ፤ አያቶችም ብትጠይቁ ልጆቹ ለእናንተ የማይደብቁት አለ።

ልጄ በቀጣዩ ዙር ድጋሚ ተፈተነ። እንደሱ ከወደቁ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ሳሎናችንን ለወራት ክፍል አድርገውት ከረሙ። የጎረቤት ልጅ አሮጌ ላፕቶፑን አዋሳቸው። ዳታቤዙን ከኢንተርኔት ቪዲዮ እያዩ ከሀ ጀምረው ተማሩት፤ እኔ ቡና አፈላለሁ፣ አባቱ መብራት ሲጠፋ ሻማ ያበራል። ሦስቱም አለፉ። ልጄ 61 አመጣ። ሱፉ ከቁም ሣጥን ወጣ፤ ትንሽ ጠቦት ነበር።

ለወንድሜ ቤት ስደውል የወንድሜ ልጅ ዕልል አለችና «አክስቴ፣ ትምህርት ቤቱስ አለፈ?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? የዳታቤዙ ደብተር አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ። የዘንድሮዎቹ ልጆች ደብተር ስንት ገጽ እንደሞላ ማወቅ እፈልጋለሁ።